የሜንተርሺፕ ግራንት ከመሙላታችሁ በፊት ፋይናንስ ቢሮ ሂዱ

ይህን የምጽፈው መሃል አዲስ አበባ ላላችሁ የፒኤችዲ ተማሪዎች ነው። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሆኑ የዶክትሬት ተማሪዎች የሚሰጥ የሜንተርሺፕ ግራንት (ልምድ ካለው ተመራማሪ፣ ማለትም ከሜንተር፣ ጋር ለመሥራት የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) አመልክቼ አገኘሁ፤ ውጭ አገር ካለ ተመራማሪ ጋር አንድ ዓመት ሠራሁ፤ ሪፖርቱንም አስረክቤ ዘጋሁ። በሥራው እኮራለሁ። የሚቆጨኝ ከ12ቱ ወራት አምስቱን፣ ተቋሜ አካውንት ውስጥ የገባ ገንዘብ ሳሳድድ ማሳለፌ ነው። የተቋሙን ስም አልጠራም። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ግን ይህ አይደርስብኝም ነበር።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ብቁ መሆናችሁ በየትኛው ዝርዝር እንደሚለካ የማመልከቻ ጥሪው ላይ አንብቡ፤ አንዱ ለጋሽ የዓለም ባንክን የገቢ ምድብ ይከተላል፣ ሌላው የኦኢሲዲን (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) የእርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር። የዓለም ባንኩ በየዓመቱ ጁላይ 1 ስለሚታደስ የዓምናውን አትመኑ። ባለ 16 አሃዙ የኦርሲድ ቁጥር፣ ማለትም የተመራማሪ መለያ ቁጥር፣ በነጻ ይወጣል። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ ብቻ ሙሉ፤ አንዱ ቅጽ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» ሆኖ ከገባ በኋላ ማስተካከል አሰልቺ ነው። ቀነ ገደቡ በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 23:59 ከሆነ በክረምታቸው በእኛ ከሌሊቱ 7:59፣ በበጋቸው 6:59 መሆኑን አትርሱ። መብራትና ኔትወርክ ስለማይታመን እኔ ሰባት ቀን ቀድሜ ነው የላክሁት።

ስለ ሜንተር ምርጫ የጥሪዎቹ ምክር አይጥመኝም። «በዘርፉ የታወቀ ተመራማሪ» ይላሉ። እኔ የምለው ዶክትሬቱን ከጨረሰ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት የሆነውን፣ አሁንም ዳታውን በራሱ እጅ የሚነካውን ፈልጉ ነው። ስመ ጥሩ ፕሮፌሰር ፊርማውን ይሰጣችኋል፤ ረቂቃችሁን ግን ለማንበብ ጊዜ የለውም። የመጀመሪያው ኢሜይል ከ150 ቃላት አይብለጥ፤ «ሜንተር ሁኑልኝ» ከማለት ይልቅ እሱ ካሳተመው ሥራ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቁ። መልሱ በሳምንት ውስጥ ካልመጣ ሌላ ሰው ፈልጉ። ለጽሑፍ ሥራ ብቻ ከሆነ በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦተርኤድ፣ የታዳጊ አገሮች ተመራማሪዎችን የሚያግዝ መረብ፣ በነጻ ሜንተር ያገናኛል። የጆርናል መግዣ በጀት ውስጥ አታስገቡ፤ ኢትዮጵያ በሪሰርችፎርላይፍ (ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያቀርብ ፕሮግራም) የነጻ ተጠቃሚዎች ምድብ ውስጥ ስላለች፣ ካስገባችሁ ገምጋሚው የቤት ሥራችሁን እንዳልሠራችሁ ወዲያው ያውቃል።

ከሜንተሩ ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ፦ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ ቃለ ጉባኤውን ተማሪው ይጽፋል፣ ረቂቅ በአሥር የሥራ ቀን ይመለሳል፣ የደራሲነት ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የአገር ውስጥ አማካሪያችሁንም ከመጀመሪያው አስገቡ፤ ሚናቸው በጽሑፍ ካልተቀመጠ የተተኩ ይመስላቸዋል፣ ቅሬታውም የሚወጣው ፊርማቸው የሚያስፈልግ ቀን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጥሪው «ግራንቱን የሚያስተዳድረው ተቋሙ ነው» ብሎ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። አስፈርሜ፣ ከመዝገብ ቤት የወጪ ቁጥር አሰጥቼ፣ ማህተም አስመትቼ ላክሁ። ደብዳቤው ተማሪውን እንደሚደግፉ ይናገራል። ገንዘቡ የትኛው አካውንት እንደሚገባ፣ በማን ፊርማ እንደሚወጣ፣ ተቋሙ በኦቨርሄድ (ለአስተዳደር ወጪው) ስንት በመቶ እንደሚቆርጥ ግን አንድ መስመር የለውም። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ገንዘቡ የመጣው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሒሳብ ሲዘጋ ክፍያ ይቆማል፣ አዲሱ ዓመት እስኪከፈትም ማንም እጁን አያነሳም። በዚያ ላይ የገባው ብዙ ፕሮጀክቶች የሚጋሩት አካውንት ውስጥ ነው። ባንኮች ገንዘብ ወደ ሌላ አገር ለማስተላለፍ በሚለዋወጡት የስዊፍት መልእክት ያኔ የክፍያ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አራት መስመር ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ 35 ፊደል፣ በድምሩ 140። ለጋሹ ቦታውን በፕሮግራሙ ረጅም ስም ሞላው፤ የእኔ ስም መጨረሻ ላይ ተቆርጦ ቀረ። ፋይናንስ ቢሮው «ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ» ብሎ መዘገበው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። የክፍያ ጥያቄ ደብዳቤዬ ተመርቷል፣ እዚህ ግን አልደረሰም። ነገ ተመለስ። ደብዳቤው ከምርምር ቢሮ ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ሒሳብ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ግዥ ሲመራ በየጠረጴዛው ጠርዙ ላይ አንድ መስመር ይጻፍበታል፦ «ተመልክተው ይፈጽሙ»፣ «አስተያየትዎን ያቅርቡ»። የእኔው ጠርዝ ላይ ስድስት እንዲህ ያሉ መስመሮች፣ ስድስት ፊርማዎችና ስድስት ቀኖች ነበሩ፤ አንዱም «ይከፈል» አይልም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ከመካከላቸው ማንም ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሥራው የእኔ ነው ያለም ግን አልነበረም።

ሲለቀቅ ደግሞ ሁለተኛው ችግር መጣ። ዩሮ ሆኖ የተላከው ገንዘብ አካውንቱ ውስጥ ብር ሆኗል። ለላብራቶሪ ትንተናና ለኮርስ ክፍያ ወደ ውጭ መልሶ ለመላክ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች አንዱ ጋር ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ደብዳቤ ማለት ነው።

ስለዚህ ለጋሾቹ «ሙሉው ገንዘብ በተቋም በኩል ይለፍ» ቢሉም እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ውጭ አገር የሚከፈለውን ሁሉ፣ ማለትም ኮርሱን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የናሙና ትንተናውን፣ ለጋሹ ወይም የሜንተሩ ተቋም በቀጥታ ይክፈል ብላችሁ በጀቱ ላይ ጻፉ። እዚህ የሚመጣው እዚህ የሚወጣው ብቻ ይሁን። ትንንሽ ዕቃም አታስገቡ፤ አንድ ሃርድ ዲስክ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ፣ ከዚያ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ማድረጊያ ደረሰኝ) ያስፈልጋል። የኢንተርኔት ወጪን በወርሃዊ አበል መልክ አስገቡት። በጀቱን በግራንቱ ምንዛሪ ሥሩ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፣ በብር የታቀደ ሁሉ ያኔ ተበላሽቷል።

ከማመልከታችሁ በፊት ፋይናንስ ቢሮ ገብታችሁ የፕሮጀክት ኮድ ወይም የተለየ አካውንት እንደሚከፈት፣ ፈራሚዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ተቋሙ ምን ያህል እንደሚቆርጥ፣ ጥያቄ ከቀረበ በስንት ቀን እንደሚከፈል ጠይቁ። መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ የድጋፍ ደብዳቤው ውስጥ ይግባ። ለጋሹ በክፍያ ምክንያቱ ቦታ ኮዱንና ስማችሁን ብቻ እንዲጽፍ፣ የማስተላለፊያ ወጪውንም ሙሉ በሙሉ እሱ እንዲሸፍን ጠይቁ፤ አለዚያ በመንገድ ያሉ ባንኮች ይቆርጣሉ። ቅጹ አይባን (ዓለም አቀፍ የባንክ አካውንት ቁጥር) ከጠየቀ ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም፤ የስዊፍት ኮዱንና ሙሉውን የአካውንት ቁጥር ስጡ፣ የአካውንቱ ስምም ባንኩ ዘንድ በተመዘገበበት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይሁን። ዝውውሩ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ እንዲሆን ተደራደሩ። የተላከ ዕለት የስዊፍት ኮፒውን ተቀብላችሁ፣ በማግስቱ ከማመልከቻ ጋር አያይዛችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩንም ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱ።

ለሪፖርቱ ደረሰኞቹን ስካን ስታደርጉ ከእያንዳንዱ ሥር በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፉ፦ ምን እንደተገዛ፣ ስንት ብር፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር። የእኔን አሥራ አራት ደረሰኞች ለጋሹ የመለሰው መስከረም 2017 የሚለውን ከሰባት ዓመት በፊት የወጣ ወጪ አድርጎ ስላነበበው ነው።