የሳሙኤል ባክ ሥዕሎች እና የእንገጫ ዲያቆናት

ሠዓሊው ሳሙኤል ባክ እ.ኤ.አ. በ1933 የዛሬዋ የሊትዌኒያ ዋና ከተማ በሆነችው በቪልና ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለዱ። ናዚዎች የከተማዋን አይሁዳውያን በአንድ ሰፈር አጉረው በነበረበት ወቅት፣ ሥዕሎቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለእይታ የቀረቡት ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳሉ በዚያው በታጠረው ሰፈር ውስጥ ነበር። ወረቀት በመጥፋቱ ሁለት ገጣሚዎች የማኅበረሰቡን ጥንታዊ መዝገብ አምጥተው በባዶ ገጾቹ ላይ እንዲሥሉ ሰጧቸው። በብራና መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎች ላይ የርስት ውልና የስጦታ ማስታወሻ ሲጻፍ በኖረበት አገር ለምንኖር ሰዎች፣ እንዲህ ያለውን መዝገብ ለአንድ ሕፃን አሳልፎ መስጠት ምን ያህል የከበረ አደራ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

አባታቸው ልጃቸውን በጆንያ ደብቀው ከጉልበት ሥራ ካምፕ አስወጧቸው፤ አባትየው ግን ከተማዋ ነፃ ልትወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ተገደሉ። የባክ አራቱም አያቶች ናዚዎች የቪልናን አይሁዳውያን በጅምላ በረሸኑበት በፖናሪ ጫካ አልቀዋል። ባክ ከእናታቸው ጋር በአንድ ገዳም ተሸሽገው ተረፉ።

ሥዕሎቻቸው በአሜሪካ ከሙዚየም ወደ ሙዚየም፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ እየተዘዋወሩ ሲታዩ ኖረዋል። እኔ በደብረ ብርሃን ሥዕል ለማስተምራቸው ልጆች ያሳየኋቸው በፕሮጀክተር ነው። ረጅሙን ጊዜ የወሰደብን፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ናዚዎች በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ አይሁዳውያንን ከታጠረው ሰፈራቸው እያስወጡ ሳለ በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ የሚታየው ልጅ ነበር። ባክ ይህን ልጅ ደጋግመው ሥለውታል፤ አንዴ ከድንጋይ የተፈለፈለ፣ አንዴ ከአሮጌ ሳንቃ ተገጣጥሞ የቆመ ሆኖ ይታያል። ኮፍያውና አጭር ካፖርቱ አሉ፤ መዳፎቹ ግን የተበሱ ናቸው። የሬሳ ክምርም ሆነ የፈሰሰ ደም የለም። ከተማሪዎቼ አንዷ «ቲቸር፣ ሞቶ ከሆነ እጁን ለምን አላወረደም?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሠዓሊውም ወደዚያ ልጅ ሲመላለሱ የኖሩት ይኸው ጥያቄ አላስቀምጥ ብሏቸው ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው ስለ እንገጫ ሳስብ ስለ ሰነበትኩ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር፣ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በደብረ ሊባኖስ የተሰበሰቡትን መነኮሳት ከረሸነ በኋላ፣ ዲያቆናቱን ወደ ደብረ ብርሃን አምጥቶ ከከተማዋ አቅራቢያ እንገጫ በተባለው ስፍራ ፈጃቸው። የጣሊያኖቹ የራሳቸው ቴሌግራም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ይናገራል፤ በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች በጠቅላላው የሟቾች ቁጥር ጣሊያኖቹ ካመኑት እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ሁለቱን ጥፋቶች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልፈልግም፤ እያንዳንዱ የራሱ ስፋትና የራሱ ሟቾች አሉት። ነገር ግን ከዲያቆናቱ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ፤ የማስተምራቸውም ልጆች የዋርሶውን ልጅ ካዩ በኋላ ስለ እነርሱ ሲጠይቁኝ የማሳያቸው አንድ ሥዕል እንኳ በእጄ አልነበረም።

ሰሜን ሸዋ ሠዓሊ አጥታ አታውቅም። አፈወርቅ ተክሌ ባክ ከመወለዳቸው አንድ ዓመት ቀደም ብለው አንኮበር ላይ ተወልደው፣ ልጅነታቸውን በዚያው በጣሊያን ወረራ ዘመን አሳልፈዋል። አሁን የሚያስፈልገን በአንድ አዳራሽ ተሰቅሎ የሚቀር ሥዕል ሳይሆን፣ ገበሬውም ተማሪውም ባለበት ስፍራ የሚደርስ ነው። ስለዚህ ከተማሪዎቼ ጋር በቀላል ሰሌዳ ላይ መሥራት ጀምረናል፤ በአይሱዙ ተጭኖ ደብረ ሲና፣ አንኮበርና መሐል ሜዳ ድረስ መሄድ እንዲችል ነው። ደምና ሬሳ እንዳይሥሉ ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ ባዶ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳ፣ ሌላዋ ባለቤት የሌለው ጸናጽል እየሣሉ ናቸው። የእንገጫ ዲያቆናት ዘመዶች የሆናችሁና ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ያላችሁ፣ ስማቸውንና የመጡበትን አገር ብትነግሩን ከየሥዕሉ ሥር እንጽፈዋለን።