ምንም ሳይበላሽ የቆመው ጣቢያ

ማርች 12 ቀን 2011 ምሽት፣ በጃፓን ፉኩሺማ ግዛት ኦታካዶያ በሚባል ተራራ ላይ ያለ፣ የአገሪቱን ሰዓት የሚያሰራጭ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሥርጭቱን አቋረጠ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ አገሪቱን የመታው መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አልጣለውም፤ ከመንቀጥቀጡ በኋላም ሲያስተላልፍ አድሮ ነው የዋለው። ያቆመው ሠራተኞቹ ተራራውን ለቀው እንዲወጡ የመጣው ትእዛዝ ነው። ለ40 ቀን ያህልም እንደቆመ ቀረ።

የጣቢያው ባለቤት የመንግሥት ተቋም የሆነው የጃፓን ብሔራዊ የኢንፎርሜሽንና ኮሙዩኒኬሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በ2004 ሁለት የቀድሞ መሥሪያ ቤቶች ተዋህደው የተመሠረተ ሲሆን ዋና መቀመጫው ቶኪዮ ውስጥ ኮጋኔይ ነው። ብዙ ምርምር ያካሂዳል፤ ተራው ሕዝብ ቤት ድረስ የሚገባው ሥራው ግን አንድ ነው፤ የአገሪቱን ሕጋዊ ሰዓት ያመነጫል፣ ያሰራጫልም። ኮጋኔይ ውስጥ 18 ያህል የሲዚየም አቶም ሰዓቶችና ሃይድሮጅን ሜዘር የሚባሉ ጥቂት ሌላ ዓይነት የአቶም ሰዓቶች አሉ። የእነዚህ አማካይ ነው የጃፓን ሰዓት የሚባለው።

መንቀጥቀጡ የተነሳው በጃፓን ሰዓት ከቀኑ 2:46 ላይ ነበር። በዚያች ደቂቃ አዲስ አበባ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የግድግዳ ሰዓትም 2:46 ይል ነበር፤ የጠዋቱን፣ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ ከሌላው ዓለም በ6 ሰዓት እንለያለን። ሁለቱ ስድስቶች ተደምረው የጃፓንን የግድግዳ ሰዓትና የሐበሻን የግድግዳ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ያደርጓቸዋል፤ ልዩነቱ የቀንና የሌሊት ብቻ ነው።

ከኮጋኔይ የሚወጣው ሰዓት ወደ ሕዝቡ የሚደርሰው ጄ ጄ ዋይ በሚባለው የረጅም ሞገድ ሥርጭት ነው። ሁለት ጣቢያዎች አሉት። የኦታካዶያው በ40 ኪሎ ኸርዝ ከ1999 ጀምሮ ይሠራል። በደቡብ ምዕራብ ኪዩሹ ደሴት፣ ሃጋኔ በሚባል ተራራ ላይ ያለው ሁለተኛው በ60 ኪሎ ኸርዝ በ2001 ተጨመረ። ሁለቱም የራሳቸው የሲዚየም ሰዓት አላቸው፤ ሙቀቱና እርጥበቱ በተመጠነ፣ ከኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ በተከለለ ክፍል ይቀመጣል፤ በሳተላይት አማካይነት ከኮጋኔይ ጋር ይተያያል። ከኮጋኔይ ጋር ያለው ግንኙነት ቢበጠስ ተራራው ላይ ያለው ሰዓት ብቻውን መቀጠል ይችላል። ከ10 ትሪሊዮን አንድ የሚዛነፍ ሰዓት በአንድ ቀን ከ9 ናኖ ሰከንድ ያነሰ ነው የሚስተው፤ ለግድግዳ ሰዓት ይህ ምንም ነው።

መልእክቱ ራሱ እጅግ ቀላል ነው። በየሰከንዱ መጀመሪያ ሞገዱ ሙሉ ኃይሉን ያገኛል፣ ከዚያ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ሙሉ ሆኖ የቆየበት ጊዜ 0.8 ሰከንድ ከሆነ ዜሮ ማለት ነው፣ 0.5 ከሆነ አንድ፣ 0.2 ከሆነ የቦታ ምልክት። በሰከንድ አንድ ቢት፣ በደቂቃ አንድ ሙሉ መልእክት። ደቂቃው፣ ሰዓቱ፣ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ፣ የአውሮፓውያኑ ዓመት የመጨረሻ ሁለት አኃዞች፣ የሳምንቱ ቀን በየተራ ይገባሉ። ማርች 12 ጣቢያው እስኪቆም ድረስ ሲልከው የዋለው ቀን 71፣ ዓመት 11፣ የሳምንቱ ቀን 6 ነው፤ እሑድ ዜሮ ስለሆነ 6 ቅዳሜ ነው። ስህተት ለመያዝ የተመደቡት ሁለት ማረጋገጫ ቢቶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ለሰዓቱ፣ አንዱ ለደቂቃው። ስለዚህ ጥሩ መቀበያ አንድ ደቂቃ አንብቦ አያምንም፤ ተከታታይ ደቂቃዎችን አስተያይቶ አንድ ሲጨምሩ ካየ ብቻ ራሱን ያርማል።

መልእክቱ ውስጥ ስለ መቋረጥ የሚያስጠነቅቅ ቦታም አለው። በየሰዓቱ በ15ኛውና በ45ኛው ደቂቃ የጣቢያው መለያ በሞርስ ይላካል፤ በዚያች ደቂቃ የሳምንቱ ቀን በሚቀመጥበት ቦታ “ሥርጭት የሚቆምበት ጊዜ ቀርቧል” የሚሉ ቢቶች ይገባሉ። ለታቀደ ጥገና ጥሩ ነገር ነው። ለማርች 12 ግን አልጠቀመም።

የዚያ ዕለት አካሄድ እንዲህ ነበር። ከፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ጣቢያ በ3 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ ሰዎች እንዲወጡ የአገሪቱ መንግሥት መጀመሪያ አዘዘ፤ ይህ የ11ኛው ቀን ምሽት ነው። በ12ኛው ቀን ማለዳ ክልሉ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሰፋ። በ15:36 የመጀመሪያው ሪአክተር ሕንፃ በሃይድሮጅን ፍንዳታ ጣሪያው ተነሳ። በ18:25 ደግሞ ክልሉ 20 ኪሎ ሜትር ሆነ። ኦታካዶያ በታሙራ ከተማና በካዋኡቺ መንደር ድንበር ላይ ነው፤ ከዚህ ክብ ውስጥ ገባ። ከመንግሥቱ የመጀመሪያ ትእዛዝ እስከ መጨረሻው 21 ሰዓት ብቻ ነው ያለፈው። የአደጋ ዕቅድ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ስለ መብራት መጥፋት ይጽፋሉ፣ ስለ እሳት ይጽፋሉ። “ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ግን ሰው መግባት አይችልም” የሚለው ገጽ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ታዲያ ለምን እንደበራ ትተውት አልወጡም? የዚህ ዓይነት አስተላላፊ ምን ያህል እጅ እንደሚፈልግ ማየት ነው። በ40 ኪሎ ኸርዝ አንድ ሞገድ 7.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። አንቴና በደንብ እንዲሠራ የሞገዱን ሩብ ያህል ቢቆም መልካም ነው፤ ያ ማለት 1,875 ሜትር ነው። የኦታካዶያው 250 ሜትር ነው፤ ከሞገዱ አንድ ሠላሳኛ። ከአናቱ ዙሪያውን የሚዘረጉት ሽቦዎች የቁመቱን እጥረት በከፊል ያካክሳሉ፤ በባለሙያዎች ዘንድም ጃንጥላ አንቴና ነው የሚባለው። እንዲህ ያጠረ አንቴና በባሕርዩ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ትልቅ ኮይል (ጥምጥም ሽቦ) ገብቶ ከእሱ ጋር ይስተካከላል። ከአስተላላፊው ከሚወጣው 50 ኪሎዋት ወደ አየር የሚሄደው 13 ያህሉ ነው፤ የቀረው በኮይሉና በመሬቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

የኮይሉና የአንቴናው መስማማት እጅግ ጠባብ ነው። እርጥብ በረዶ ሽቦው ላይ ሲጋገር፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው፣ ካፓሲታንሱ (የማጠራቀም አቅሙ) ይለወጣል። ያኔ ማስተካከያው ካልተከተለ ኃይሉ ወደ አስተላላፊው ይመለስና መከላከያው ይቆርጠዋል። አንቴናው ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፍተኛ ስለሆነ የቆሸሸ ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መከለያ) ላይ ብልጭታ ይነሳል። መብረቅም አለ፤ በተራራ አናት ላይ 250 ሜትር ብረት ማቆም መብረቅን መጥራት ነው፤ ጄ ጄ ዋይም በመብረቅ ምክንያት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ የመንደሩ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ነዳጁ ያልቃል፣ የሚሞላው ሰው ደግሞ መግባት አይችልም። እንደበራ ተትቶ በራሱ ጊዜ ከሚሰናከል ጣቢያ ይልቅ በሥርዓት የጠፋ ጣቢያ በኋላ ለማስነሳት ይቀላል። ውሳኔው ትክክል ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል።

ተጠቃሚው ጋ ምን ሆነ? ምንም፤ ችግሩም ይሄው ነው። ከዚህ ሥርጭት ራሱን የሚያርመው የጃፓን የሬዲዮ ሰዓት ሞገዱን ሲያጣ አይጮህም፤ በውስጡ ባለው ኳርትዝ፣ በተራ ሰዓት ሁሉ ውስጥ ባለው ጊዜ ቆጣሪ ክሪስታል፣ ይቀጥላል። ተራ ኳርትዝ በወር 15 ሰከንድ ያህል ይስታል፤ በ40 ቀን 20 ሰከንድ። ሁለቱንም ሥርጭት የሚቀበሉ ሰዓቶች ሌሊት ላይ 60 ኪሎ ኸርዙን ፈልገው ሊይዙት ይችሉ ነበር። ረጅም ሞገድ በሌሊት ከላይኛው የአየር ንብርብር እየነጠረ ሩቅ ስለሚሄድ የሃጋኔው ሥርጭት ምሥራቅ ጃፓን ድረስ ይደርሳል፤ ግን ደክሞ ነው የሚደርሰው። በኮንክሪት ሕንፃ መሐል የተሰቀለ ሰዓት አይሰማውም። መፍትሔው ሰዓቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚያይ መስኮት አጠገብ አድርጎ ማሳደር፣ ከኮምፒውተር፣ ከማይክሮዌቭና ከፍሎረሰንት መብራት ማራቅ፣ ከዚያ ጠዋት ላይ የመቀበያ ምልክቱን ማየት ነበር። 40 ኪሎ ኸርዝ ብቻ የሚቀበሉት የቆዩ ሰዓቶች ግን ምርጫ አልነበራቸውም።

ኤፕሪል 21 ቀን ሠራተኞች ገብተው ጣቢያውን በጊዜያዊነት አስነሱት። ቀኑ አጋጣሚ አይመስልም፤ በማግስቱ ኤፕሪል 22 ከገባበት እኩለ ሌሊት ጀምሮ የ20 ኪሎ ሜትሩ ክልል በሕግ መግባት የተከለከለበት ሆኗል። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ሰው በቋሚነት ሳይቀመጥበት መሥራት ነበረበት።

ኢንስቲትዩቱ በ2018 ኮቤ ውስጥ ሁለተኛ የሰዓት ማዕከል ከፈተ። የተመረጠው ቀን ጁን 10 ነው፤ ጃፓኖች የጊዜ ቀን ብለው የሚያከብሩት። ኮቤ የሚሸፍነው ግን የኮጋኔይን መውደቅ ነው። ሰዓት ማመንጨትና ሰዓት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በ2011 የተቋረጠው ሁለተኛው ነው፣ ለእሱ መጠባበቂያው ዛሬም ሃጋኔ ነው።

ዳታ ሴንተር (የሰርቨሮች ማዕከል) የሚያስተዳድር ሰው ይህን በራሱ ቤት ሊመዝነው ይችላል። ሁለት የሰዓት ምንጭ መያዝ ከአንድ ብዙም አይሻልም፤ ሲለያዩ የትኛው እንደዋሸ አይታወቅም። ሦስት ሲሆኑ አንዱን ውሸታም መለየት ይቻላል፤ አራት ከሆኑ አንዱ ጠፍቶ አንዱ ቢዋሽም መለየት ይቻላል። ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበሉ ሁለት የጂፒኤስ አንቴናዎች አንድ ጣሪያ ላይ ሆነው፣ በአንድ መብረቅ መከላከያ በኩል የሚወርዱ ከሆነ እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት። አዲስ አበባ ውስጥ የጃፓኑም ሆነ የጀርመኑ የረጅም ሞገድ ሥርጭት አስተማማኝ ሆኖ ስለማይደርስ፣ ከጂፒኤስ ሌላ የሚቀረው በኔትወርክ የሚመጣ ሰዓት ነው፤ እሱ ደግሞ ከኢንተርኔቱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ምንጩ ሲጠፋ ስንት ጊዜ እንደሚተርፍ ማስላት ከባድ አይደለም። የተራ ሰርቨር ኳርትዝ ከሚሊዮን 20 ቢዛነፍ በቀን 1.7 ሰከንድ ነው። አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ የማይክሮሶፍቱ የተጠቃሚዎች ማስተዳደሪያ፣ የሚጠቀምበት የመግቢያ ሥርዓት እስከ 5 ደቂቃ ልዩነት ይታገሣል። ሁለት ማሽኖች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ከሄዱ ሦስት ወር ሳይሞላ 5 ደቂቃውን ያልፋሉ፤ ያኔ “ፓስወርዴ እንቢ አለኝ” የሚል ስልክ ይበዛል፣ ከሦስት ወር በፊት የተነቀለውን የጂፒኤስ ኬብል የሚያስታውስ ግን የለም። የሞባይል ጣቢያ ግን ያን ያህል ጊዜ የለውም፤ በአንድ ድግግሞሽ የሚልክና የሚቀበል ከሆነ ከማጣቀሻው በ1.5 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ መቆየት ይጠበቅበታል። ከ10 ቢሊዮን አንድ የሚዛነፍ ውድ ኳርትዝ ቢኖረው እንኳ 4 ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው።

በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አንድ ስህተትም አለ። የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳይ ተብሎ የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ። ማሽኑ በዚያው ቅጽበት ከ5 ደቂቃው ገደብ ይወጣል፣ የሎጉም (ማሽኑ ሥራውን የሚመዘግብበት መዝገብ) ቅደም ተከተል ይደባለቃል። መለወጥ ያለበት ማሳያው ብቻ ነው።

መፈተኛው አንድ ነው፦ በሥራ ሰዓት፣ ለክፍሉ አስታውቆ፣ የጂፒኤስ አንቴናውን ኬብል መንቀል። የተነቀለበትን ደቂቃ፣ ሰርቨሩ ምንጭ እንዳጣ ሎጉ ላይ የጻፈበትን ደቂቃና ማስጠንቀቂያው ሰው ስልክ ላይ የደረሰበትን ደቂቃ መመዝገብ። ሦስተኛው ባዶ ሆኖ ከቀረ መጀመሪያ የሚታየው ማስጠንቀቂያው የሚላክበት አድራሻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱን የለቀቀ ሰው ኢሜይል ከሆነ በክፍሉ የጋራ አድራሻና በተረኛው ስልክ ይተካል፣ ኬብሉም በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይነቀላል።