ፍልሰታን በአሎኒሶስ

ግሪክ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ደሴቶቹን የምናውቃቸው በሁለት መንገድ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። አንደኛው ከቱርክ ጠረፍ በሌሊት በጎማ ጀልባ የተሻገረ ሰው በሚያርፍባቸው በእነ ሌስቮስ፣ ሳሞስና ኮስ በኩል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በበጋ ወራት የሆቴል አልጋ ለማንጠፍና ሳህን ለማጠብ በሚኬድባቸው በእነ ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ በኩል ነው። ለማረፍ ወደ ደሴት መሄድ የአሠሪዎቻችን ጉዳይ ሆኖ ኖሯል፤ እኛ ሻንጣቸውን እናሰናዳለን፣ አበባቸውን ውኃ እናጠጣለን፣ እስኪመለሱም ቤታቸውን እንጠብቃለን።

እኔ አቴንስ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥሬ አንዲት አረጋዊት እናት እጦራለሁ። ባለፈው ነሐሴ ልጆቻቸው እናታቸውን ሙቀቱን ሽሽት ወደ ተራራ ቀዬአቸው ስለወሰዷቸው፣ ለእኔም ፈቃድ ተሰጠኝ። ነሐሴ አቴንስ ውስጥ ከባድ ወር ነው፤ ኪፕሴሊን በመሳሰሉት ሰፈሮች ሱቁ ሁሉ መዝጊያውን አውርዶ፣ አስፋልቱ እየጋለ፣ መንገድ ላይ የሚታየው የሚሄድበት መንደር የሌለው ስደተኛ ብቻ ይሆናል። ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ስለነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃትን ጓደኛዬን ጸጥ ያለ ቦታ ሄደን ጾሙን አብረን እንድንይዝ ለመንኳት። መለመን ያስፈለገበትም ምክንያት ነበረው። እሷ ወደዚህ አገር የገባችው በጎማ ጀልባ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን ትራም እንኳ አትሳፈርም። አሎኒሶስ የምትባል በጥድ የተሸፈነች፣ ሁካታ የሌለባት ደሴት እንዳለች፣ በአቅራቢያዋም በእመቤታችን ስም የተሰየመ ገዳም እንዳለ ነገርኳት። ያሸነፋት ገዳሙ ይመስለኛል።

ከአቴንስ ሊዮሲዮን መናኸሪያ ተነስተን በአውቶቡስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ተጉዘን ቮሎስ ደረስን፤ ከዚያ መርከብ ተሳፈርን። ጓደኛዬ መስኮት የሌለበት መካከለኛ ወንበር መርጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ውዳሴ ማርያሟን ከፍታ ተቀመጠች። እኔ ላይኛው ወለል ላይ ሆኜ ሰዉን እመለከት ነበር። መርከቡ መጀመሪያ ስኪያቶስ ሲቆም፣ ጎማ ያለው ሻንጣ የሚጎትተው ወጣት አብዛኛው ወረደ። ስኮፔሎስ ላይ ቤተሰቦች ወረዱ። ከዚያ በኋላ በመርከቡ ላይ የቀረነው ከገበያ የሚመለሱ አሮጊቶች፣ አንድ ቄስ፣ የጀርባ ቦርሳ ያዘሉ ጀርመኖችና እኛ ሁለት ሐበሾች ነበርን። አሎኒሶስ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ የሚደርስባት ይህን ሁሉ መንገድ የታገሠ ብቻ ነው። ለጸጥታዋ አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ወደቧ ፓቲቲሪ ትባላለች። ከመርከብ ስንወርድ መጀመሪያ የተቀበለን ሽታ ነው። የጥድ ሙጫ ከጦስኝ ጋር ተቀላቅሎ በሞቃት አየር ውስጥ ይነሳል፤ ጓደኛዬ የደብረ ሲና ልጅ ስለሆነች መንገድ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ቅጠል ቀንጥባ በመዳፏ አሽታ፣ «ጦስኝ ነው!» ብላ ጮኸች። እኔ ከኛው ትንሽ እንደሚለይ ብጠረጥርም አልተከራከርኳትም። ጸጥ ያለች ደሴት ያልኩትም እንደተባለው አልሆነም፤ ግሪኮች ጂጂኪያ የሚሏቸው፣ ግንድ ላይ ተጣብቀው የሚውሉ ነፍሳት ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ድረስ ጥዱን ሁሉ በጩኸት ይሞሉታል። በሌሊት ግን ዝም ይላሉ፤ ያኔ የሚሰማው የራስ ትንፋሽ ብቻ ነው። ለዓመታት በሌሊት የአረጋውያንን ሳል እያዳመጥኩ የተኛሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከዝምታው የተነሳ እንቅልፍ አጣሁ።

ደሴቲቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ዋናው መንገዷ ከፓቲቲሪ ተነስቶ የዓሣ አጥማጆች መንደር በሆነችው በስቴኒ ቫላ አጠገብ አልፎ በሰሜን ጌራካስ ላይ ያበቃል። ሱቅ ስንገባ ፌስታል አልተሰጠንም፤ አሎኒሶስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ፌስታልን ትታለች። ከዘንቢልና ከጨርቅ ቦርሳ ወደ ፌስታል ተሸጋግረን ላደግን ሰዎች ነገሩ ወደ ልጅነት የተመለስን አስመሰለን።

የባሕሩን ጉዳይ በደንብ የተረዳሁት ግን በሽርሽር ጀልባ ወደ ሰሜን የሄድኩ ዕለት ነው። ጓደኛዬ እስከ ወደቡ ሸኝታኝ ተመለሰች። ከአሎኒሶስ በስተሰሜንና በምሥራቅ ፔሪስቴራ፣ ኪራ ፓናያ፣ ዩራ፣ ስካንዙራና ፒፔሪ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ እነሱና በዙሪያቸው ያለው ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር እ.ኤ.አ. በ1992 ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። በግሪክ የመጀመሪያው ነው። ክልሉ የተበጀው በዋነኛነት ፎኪያ ለሚባለው፣ በሜዲትራንያንና በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ አካባቢ ብቻ ለሚገኘው አጥቢ የባሕር እንስሳ ነው። ሙሉ ዕድሜ የደረሰው ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል፣ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ በጠቅላላው በዓለም ላይ ያለው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። ካፒቴኑ እንደ ነገረን፣ ፎኪያ መረብ ቀዶ ዓሣ ስለሚበላ ዓሣ አጥማጆች ይገድሉት ነበር። በጥንት ዘመን በግልጽ የባሕር ዳርቻ ላይ ይወልድ የነበረው እንስሳ፣ ሰው ዳርቻውን ሁሉ ስለያዘበት ዛሬ በአብዛኛው የሚወልደው መግቢያቸው ከውኃ በታች በሆነ ዋሻዎች ውስጥ ነው። ፒፔሪ የምትባለው ደሴት የመራቢያው እምብርት ስለሆነች ያለ ፈቃድ ከሦስት የባሕር ማይል ቀርቦ ማለፍ አይቻልም። እኛም ከሩቅ አይተናት ተመለስን። ቱሪስቶቹ ፎኪያ ባለማየታቸው አዘኑ፤ እኔ በበኩሌ አለመታየቱ ደስ አለኝ። ቤቱን የተቀማ ፍጡር አንድ ደሴት ሙሉ ተሰጥቶት፣ ማንም እንዳይቀርበው በሕግ ሲጠበቅ ማየት፣ ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ስትሰለፍ ለኖረች ሴት የሚያስቀናም ነገር አለው።

በዚያው መንገድ ገደል ላይ የሚንሳፈፉ ጥቁር ክንፍ ያላቸው ጭልፊቶች አየሁ፤ የኤሌኖራ ጭልፊት ይባላሉ። በዓለም ላይ ካሉት አብዛኞቹ የሚራቡት በግሪክ ደሴቶች ነው። እንደሌሎቹ ወፎች በጸደይ አይወልዱም፤ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነሐሴና በመስከረም፣ ትንንሾቹ ወፎች ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ በሚሰደዱበት ወቅት ነው፤ ስደተኞቹን በአየር ላይ እያደኑ ለልጆቻቸው ያበላሉ። ክረምቱ ሲቃረብ እነሱም አፍሪካን አቋርጠው ማዳጋስካር ድረስ ይሄዳሉ።

ጀልባው ኪራ ፓናያ ላይ ቆመ። ደሴቲቱ በሙሉ በአቶስ ተራራ የሚገኘው የታላቁ ላቭራ ገዳም ንብረት ናት። እዚያው ደሴቲቱ ላይ ወዳለው፣ በእመቤታችን ስም ወደተሰየመው ገዳም ለመውጣት ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ስለብስ አብረውኝ የነበሩት ቱሪስቶች ለፎቶ የተዘጋጀሁ መሰላቸው። ገዳሙ ትንሽ፣ በድንጋይ የታጠረ፣ ከታች ባሕር የሚታየው ነው። በሥዕለ አድኅኖው ፊት ሰግጄ የጓደኛዬን ስም አንስቼ ጸለይኩ። አገሬ ብሆን በፍልሰታ ከሌሊት ሰዓታቱ እስከ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴው ድረስ የምውልበት ጊዜ ነበር፤ እዚያ ግን ካፒቴኑ ከታች ጥሩንባውን ስለነፋ ብዙም አልቆየሁም።

የጾሙን ነገር ካነሳሁ አከራያችንን ልግለጻቸው። የሰባ ዓመት ገደማ ሴት ናቸው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ እኛን «ልጆቼ» እያሉ ይጠሩናል። ግሪኮች ለእመቤታችን የሚጾሙት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 እስከ 14 ሲሆን 15 በዓሉ ነው፤ የእኛ ጾም በእነሱ አቆጣጠር ነሐሴ 7 ገብቶ 22 ይፈታል። ስለዚህ ስንደርስ እሳቸው ጾም ጀምረዋል፣ እኛ ገና ነበርን። ጾመኛ መሆናችንን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ በማግስቱም አክብሮታቸውን ለመግለጽ በከሰል የተጠበሰ ኦክቶፐስ በሎሚ አቀረቡልን። ጓደኛዬ እግሮቹን አይታ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። «ደም የለውም እኮ፣ የጾም ነው» አሉ እሳቸው፤ በእነሱ ሥርዓት እውነት ነው። ቅርፊትና ክንፍ የሌለው የውኃ ፍጥረት እኛ ዘንድ በፍስክም እንደማይበላ ባለኝ ግሪክኛ ሁሉ አስረዳኋቸው። ዘሌዋውያንን ጠቅሼ ስጨርስ፣ «ምስኪኖች፣ ታዲያ ምን ትበላላችሁ?» ብለው አዘኑልን። ከዚያ በኋላ ባቄላ፣ ምስርና የዱር ቅጠል በወይራ ዘይት እያበሰሉ አበሉን፤ ከአዲስ አበባ የመጣ በርበሬ ይዘን ስለነበር ምስሩን ወጥ አደረግንላቸው፣ እንባቸው እየወረደ በሉት። ማታ ማታ ለእመቤታችን የሚደርሰውን የምልጃ ጸሎት ለመስማት ከእሳቸው ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄድ ነበር።

ስለ ደሴቲቱ ጸጥታ የነገሩን እሳቸው ናቸው። የተወለዱት ተራራው ጫፍ ላይ ባለችው በአሮጌዋ ከተማ፣ በሆራ ነው። የአሎኒሶስ ሰው በወይን ይኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፊሎክሴራ የሚባል ሥር የሚበላ ተባይ ወይኑን አጠፋው፣ ወንዶቹም ወደ መርከብና ወደ ሩቅ አገር ተበተኑ። በመጋቢት 1965 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆራን ጎዳት፤ ሕዝቡ ታች ወደብ ላይ ወደተሠሩለት ቤቶች እንዲወርድ ተደረገ። ላይ የቀሩት ቤቶች ቀስ በቀስ ለውጭ አገር ሰዎች በርካሽ ተሸጡ። አንድ ምሽት በድሮው የበቅሎ መንገድ፣ በጥድና በወይራ መካከል አቀበቱን ወጥተን ሆራ ደረስን። ቤቶቹ አምረው ታድሰዋል፣ በየደጃፉ አበባ አለ፣ ወንበር ላይ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ይሰማል። እሳቸው ሰማያዊ በር ያለው አንድ ቤት አሳይተውን፣ «የአባቴ ነው፣ ለአንድ የመኪና ዋጋ እንኳ አልተሸጠም» አሉን። ከእህቶቻቸው አንዷ አውስትራሊያ ትኖራለች፣ ልጆቻቸው አቴንስ ናቸው። እንግዳ «እንዴት ያለ ሰላም ነው» እያለ የሚያደንቀው ዝምታ፣ ከፊሉ የሄዱት ሰዎች ድምፅ የነበረበት ቦታ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው፤ ከፊሉን ደግሞ ሕግ አጥሮ ይዞታል።

ሆራ ውስጥ ትንሽ የመረጃ ማዕከል አለ። ከፔሪስቴራ ደሴት አጠገብ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሰጠመች የወይን ጫኝ መርከብ አለች፤ እንጨቷ በስብሶ በሺዎች የሚቆጠሩ እንስራዎቿ ብቻ እንደተደረደሩ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ጠላቂዎች የሚጎበኟት የባሕር ውስጥ ሙዚየም ሆናለች። መጥለቅ ለማይችል ሰው በማዕከሉ ውስጥ ዓይን ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ አለ፣ ያደረገው ሰው ከባሕሩ ወለል ላይ የቆመ ይመስለዋል። ጓደኛዬ እንደማትሞክረው እርግጠኛ ነበርኩ። ተቀብላ አደረገችው፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች መቁነጥነጥ እስኪጀምሩ ድረስም አላወለቀችውም። ስታወልቅ፣ «ሰዎቹ ተርፈው ይሆን?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚዋ ስለ እንስራዎቹ የምታውቀው ብዙ ነበር፣ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አልነበራትም።

ነሐሴ 15 የእነሱ በዓል ደረሰ። በእኛ ነሐሴ 9 ነው፣ ጾሙ ገና እኩሌታው ላይ ነው። አከራያችን ከቅዳሴ ሲመለሱ በዘይት የተጠበሰ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ የደሴቲቱን የአይብ ፒታ ይዘው መጡ። አሁንም እንደማንበላ ስንነግራቸው ትዕግሥታቸው አለቀ። «እመቤታችን ዐርፋለች፣ በቃ!» አሉ። ዕረፍቷን እኛ የምናስበው ጥር 21 እንደሆነ፣ ይህ ጾም የትንሣኤዋና የዕርገቷ እንደሆነ፣ ሐዋርያት ለማየት ሱባኤ የያዙበት እንደሆነ ጓደኛዬ በዝርዝር አስረዳቻቸው፤ እኔ አስተረጎምኩ። ዝም ብለው ሰምተው ፒታውን በጨርቅ ጠቀለሉና ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቱት፤ «እስከ 22 ይቆያል» አሉ። ያን ያህል እንደማንቆይ ዘንግተውት ነው፣ ወይም አልዘነጉትም።

መልቴሚ የሚባለው የነሐሴ ነፋስ በርትቶ መርከቡ ስለቀረ አንድ ቀን ተጨማሪ ቆየን። በዚያ ቀን ጓደኛዬ ወደብ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ገብታ የወጥ ቤት ሠራተኛ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀች፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ሰው እንደሚፈልጉ ነገሯት። አከራያችን ሲሰሙ አላሞኟትም። ክረምት ላይ ሆቴሉ ሁሉ እንደሚዘጋ፣ ነፋስ ሲነሳ መርከብ ለቀናት እንደማይመጣ፣ ከበድ ያለ በሽታ ከመጣ ወደ ቮሎስ መሻገር ግድ እንደሆነ ነገሯት። እሷ ግን የበጋው ብቻ ይበቃኛል አለች፤ አቴንስ ከገባን ጀምሮም ወረቀቷን እያዘጋጀች ነው። እኔ አልሄድም። እንጀራው፣ ዕድሩ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ቡና፣ ስልክ ደውሎ «አለሽ?» የሚለኝ ሰው ያለው ኪፕሴሊ ነው፤ ያን ያህል ጸጥታ ለእኔ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዚያውም በጾም ወቅት ይበቃኛል። አከራያችን ለጓደኛዬ ክፍሉን በግማሽ ዋጋ እንደሚያስቀምጡላት ቃል ገብተዋል፤ በለውጡ በርበሬ ይዛላቸው እንድትመጣ ነው የጠየቁት።