ለቪዛ የማይሆን ፊት

ሰውን «አይሳቁ» እያልኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። መርካቶ አካባቢ፣ ከአንድ ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶግራፍ አነሣለሁ። «አፍዎን ይግጠሙ፤ ግንባርዎን ይፍቱ፤ ወደዚህ ይመልከቱ።» በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው ቆጥሬ አላውቅም። ለጉዞ ሰነድ የሚቀርብ ፊት አፉ የተዘጋ፣ ስሜት የማይነበብበት መሆን አለበት። ደንቡ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እንጂ የእኔ አይደለም፤ ደንበኞቼ ግን የእኔ ክፋት ይመስላቸዋል።

ደሴ የምትኖረው አክስቴ ደውላ «ጂዳ ያለችው ልጄ ለዑምራ ልትወስደኝ ነው፤ እዚህ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ፎቶው አልሆነም ተባልኩ፤ አንተው ና» ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለአንድ ጉርድ ፎቶግራፍ 400 ኪሎ ሜትር! ቀልድ አልነበረም። እኔም ካየኋት አራት ዓመት አልፎኝ ነበርና ካሜራዬንና አንድ ነጭ አንሶላ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ተነሣሁ።

መናኸሪያ የደረስኩት ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ላይ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ሠላሳ ሁለቱንም ጥርሱን እያሳየ ለቦርሳዬ 200 ብር ጠየቀኝ። ቦርሳው ጭኔ ላይ ነበር።

«ጭኔ ላይ ላለ ዕቃ ነው የምከፍለው?»

«ጋሼ፣ ጭንዎ እኮ ያለው እኛ ወንበር ላይ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሳልወድ እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ ደግሞ መጨቃጨቁ አልሆን አለኝና 100 ብር ሰጠሁት። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ድረስ የተናደድኩት በራሴ ሳቅ ነው። ጥርሴ አሳልፎ ሰጠኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ገና የወር ልጅ ታቅፋለች። ሕፃኑ እንቅልፍ ላይ ሆኖ የከንፈሩን ጥግ ቀስ አድርጎ ያነሣና ይመልሰዋል። «መላእክት እያጫወቱት ነው» አለችኝ። የእኔም እናት እንደዚያ ነበር የምትለው። ሐኪሞች በበኩላቸው ይህ የእንቅልፍ ፈገግታ ለማንም የተላከ እንዳልሆነ፣ ለሰው ፊት ምላሽ የሚሆነው ፈገግታ በሁለተኛው ወር ገደማ እንደሚመጣ ይናገራሉ። ከተወለደ ጀምሮ የማያይ ሕፃንም ቢሆን ማንም ሳያሳየው ፈገግ ይላል። ይህን ልነግራት ነበር፤ ተውኩት። የመላእክቱ ይሻላል።

ጣርማ በር ላይ ጎማ ተነፈሰ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ይወጣል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ተሳፋሪው ወርዶ መንገድ ዳር ተኮለኮለ። ከጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። አንድ ተማሪ የሚመስል ልጅ ቆሎ በመዳፉ ይዞ ወደ አውራው ተጠጋ። አውራው ቀና አለ፤ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ አፍንጫው ላይ ደፋው፤ ሮዝ ድዱና እንደ ጩቤ የረዘሙት ክራንቻዎቹ ፍጥጥ ብለው ወጡ።

«ሳቀልኝ! አያችሁ? ሳቀልኝ!» አለ ልጁ፣ ስልኩን ለማውጣት ኪሱን እየዳበሰ።

ጋቢ የለበሱ የአካባቢው አዛውንት በዱላቸው የልጁን ክንድ መለስ አደረጉና «ጥርሱን ያሳየህ እንድትርቀው ነው፤ ቅንድቡንም ካነሣብህ አትቆይ» አሉት።

ልክ ነበሩ። ጭላዳ ከንፈሩን የሚገለብጠው ነገር ሲከርበት፣ ሲሰጋ፣ ጠብ እንዳይነሣ ሲፈልግ ነው፤ ቅንድቡን ወደ ኋላ ስቦ ነጣ ያለውን የዐይን ቆቡን ሲያሳይ ደግሞ ዛቻ ነው። ደስታ በነገሩ ውስጥ የለበትም። ከጥርስ ጋር ያለኝ ሥራ አንዳንድ ነገር እንዳነብ አድርጎኛል። ያን ቫን ሆፍ የተባለ የሆላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 የቺምፓንዚዎችን ፊት ከእኛ ጋር አነጻጽሮ፣ የእኛ ፈገግታና የእኛ ሳቅ ከሁለት የተለያዩ ምንጮች የወረዱ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሏል። ፈገግታ የመጣው ደካማው ለጉልበተኛው ድምፅ ሳያሰማ ጥርሱን ገልጦ «አልነካህም፣ አትንካኝ» ከሚልበት ፊት ነው። ሳቅ ደግሞ ግልገሎች ሲላፉ አፋቸውን ዘና አድርገው ከሚከፍቱበት ፊት። ጎማው እስኪቀየር ድረስ ረዳቱን አየሁት። ክብሪት ለሾፌሩ ሲያቀብል ፈገግ ይላል፤ ተሳፋሪ ሲቆጣው ፈገግ ይላል፤ ብቻውን ሲሆን ፊቱ ጭልም ይላል። 100 ብሩን በልቤ ይቅር አልኩት፤ ግማሹን።

ከዚያ ወዲያ ስላለው መንገድ አልተርክም፤ ተኝቼ ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ቀሰቀሰኝ፣ ከሚሴ ላይ ሙዝ ገዛሁ፣ ሐርቡን አላየኋትም።

ኮምቦልቻ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ረዳቱ «ዛሬ እዚህ ነው የምናድረው» አለ።

«ደሴስ?»

«ነገ በጠዋት ነዋ። ምን ያስቸኩላል ጋሼ?» ያው ጥርስ።

ደሴ የቀራት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው! ይቅር ያልኩትን ግማሽ መልሼ ወሰድኩ።

የገባሁበት ሆቴል ለአንድ ሌሊት 600 ብር አስከፈለኝ። እንግዳ ተቀባይዋ እንደ መስከረም አበባ የፈካች ልጅ ናት። «ውሃ አለ?» «አለ።» ገብቼ ቧንቧውን ብከፍተው ነፋስ ተነፈሰብኝ። «ማታ ይመጣል።» አልመጣም። «ሌሊት ይመጣል።» ይህን ሁሉ የምትለው እየተፍለቀለቀች ነው። በፈገግታዋ ልክ ውሃ ቢኖር ቦርከና ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላ ነበር። የእኛ ሰፈር የመኝታ ቤት ሠራተኛ ብትሆን ፊቷን አጨፍግጋ «የለም» ትለኝና የታሸገ ውሃ ገዝቼ እተኛ ነበር። ሰው ሁሉ ፈገግታ ይወዳል፤ እኔ ግን በውሃ ጉዳይ ኮስታራውን እመርጣለሁ።

ሙቀቱና ትንኙ እንቅልፍ ነሡኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ውሾቹ አንድ ላይ ጮኹና በአንዴ ዝም አሉ። ከዚያ ከወንዙ በኩል ጅብ አሽካካ። ልጅ ሳለን «ጅብ ሳቀ፣ ሥጋ አግኝቷል» እንባባል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። የሚያሽካካው ብዙ ጊዜ በጓደኞቹ የሚባረረው፣ የሚነከሰው፣ ከጥንቡ ላይ የሚገፋው ጅብ ነው። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሳልታጠብ፣ ለዚያ ጅብ አዘንኩለት። ውሃውም አልመጣለትም መሰለኝ።

በማግስቱ ረዳቱን ሳልጠብቅ በሚኒባስ ወጣሁ። መንገዱ እየተጠማዘዘ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ ያወለቅኩትን ጃኬት ደሴ አፋፍ ላይ ለበስኩት። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር በጉም ተጠቅልላ ነበር። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደነቁና ቦታውን «ደሴ»፣ ደስታዬ፣ አሉት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1882 በዓለም ዙሪያ የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ስለነበር ወሬው መሠረት አያጣም። በደስታ የተሰየመች ከተማ ውስጥ፣ ፒያሳ ላይ፣ የባጃጅ ነጂው 150 ብር ሲለኝ 80 ከፈልኩ። ሁለታችንም አልሳቅንም፤ በሰላም ተለያየን።

ቀኑ ሰኞ ነበር። አክስቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ስለምትኖር ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። ከጤፍ ጆንያዎቹ አጠገብ አንድ ወንድ አህያ፣ ሴቷ የሸናችበትን መሬት አሽትቶ አንገቱን ወደ ሰማይ ዘረጋና የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ጠቀለለው። ቢጫ ጥርሱ በሙሉ ተገለጠ። ሕፃናቱ «አህያ ሳቀ!» እያሉ ተንከተከቱ። ፈረስም፣ በግም፣ አውራ ፍየልም ይህን ያደርጋል፤ እረኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሽታውን ከላንቃው በላይ ወዳለች የያኮብሰን አካል ወደምትባል ክፍል እያስገባ ነው፤ ሴቷ ለመጠቃት ደርሳ እንደሆነ የሚያጣራው በዚያ ነው። አህያው በሥራ ላይ ነበር፤ የሚስቁት ሕፃናቱ ናቸው። ከጎኑ አንድ ገዢ የሌላ አህያ ከንፈር በሁለት ጣቱ ከፍቶ ጥርስ ይቆጥራል።

አክስቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። አቅፋኝ፣ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አየችኝ፣ እንደገና አቀፈችኝ። «አብሽር፣ ደረስክ እኮ!» አለች። ወሎ ውስጥ ይህን ቃል ሳልሰማ አንድ ሰዓት ቆይቼ አላውቅም። ዐረብኛው «ደስ ይበልህ» ማለት ነው፤ ከእኛው ብሥራት ጋርም ሥሩ አንድ ነው። ጀበናው ተጥዶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ የቤቱን ግድግዳ አየሁ። የአያቴ ፎቶግራፍ እንዳለ ነው፤ ካባ ለብሶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ዕዳ ሊያስከፍል የመጣ ይመስላል።

«ይህን ሁሉ ተቆጥቶ ነበር?» አልኳት።

«አባቴ? እንደሱ አጫዋች ደሴ አልነበረም! ፎቶ አንሺው ፈገግ በል ቢለው 'ገንዘብ ከፍዬ ጥርሴን ላስቆጥር? ልትገዛኝ ነው?' አለው።»

ሁለተኛው ሲኒ ላይ የ2014ቱን ነገር አነሣች፤ ጠይቄያት አይደለም። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከተማዋ ሲገባ እሷ ቤት ጠባቂ ሆና መቅረቷን፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድምፅ እየቆጠረች ማደሯን፣ የባሏ ሱቅ ባዶ መደርደሪያ ሆኖ መገኘቱን፣ ባሏም ከዚያ ወዲህ ዓመት አለመቆየቱን። ይህን ሁሉ የተናገረችው ፈገግ ብላ ነው። የት እንደማይ ጠፋኝ። ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ እሷ ግን አይታው ሲኒዬን ሞላችልኝና «ጥርስ ባዳ ነው የእህቴ ልጅ፤ አብሽር» አለችኝ። ላጽናናት የመጣሁ ይመስለኝ ነበር፤ የምታጽናናኝ እሷ ሆነች።

ከቡናው በኋላ አንሶላውን በመስኮቱ ትይዩ ሰቀልኩ። «እትዬ፣ አፍሽን ግጠሚ።» ገጠመች። ካሜራውን ሳነሣ ከንፈሯ ተከፈተ። «እንደገና።» ገጠመች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «እንዴት አድርጎ ነው እንዲህ ኮስተር ያለው፣ ሕፃን ሆኖ ጀርባዬ ላይ የሸናው ልጅ!» አሥራ ስድስተኛው ላይ አፏን መዝጋት ቻለች፤ በማሳያው ላይ አጎላሁት። ከንፈሯ እንደ መመሪያው ነው። ዐይኗ ግን ይስቃል፤ ከሥሩ አብጧል፣ ጥጉ ላይ ሽንሽን ሠርቷል።

የእኔ ሙያ ገና ልጅ በነበረበት ዘመን ጊዮም ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ይህንኑ ፎቶግራፍ አንሥቶታል። ፊቱ የማይሰማው አንድ ጥርስ አልባ ሽማግሌ አስቀምጦ በኤሌክትሪክ ጡንቻዎቹን ያንቀሳቅስ ነበር። ከጉንጭ አጥንት ወደ ከንፈር ጥግ የሚወርደውን ሲነካው ሽማግሌው ፈገግ ይላል፤ ፈገግታው ግን ከአንገት በላይ ነው። የእውነተኛው ደስታ ምልክት ዐይንን ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ ነው፤ እሱ እንደ ከንፈር በቀላሉ አይታዘዝም፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ሥራው የጻፈው ይህን ነው። ዳርዊን ከአሥር ዓመት በኋላ እነዚያን ፎቶግራፎች ተበድሮ የራሱ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ዐይንንም ሆን ብሎ ማሳቅ የሚችል ሰው እንዳለ አሳይተዋል፤ አክስቴ ግን ዐይኗን ሆን ብላ ማስቆም ነው ያቃታት። ባዳው ጥርስ ሲታዘዝ ዘመዱ ዐይን እምቢ አለ። በቡናው ጊዜ፣ ሱቁን ስትነግረኝ፣ ተቃራኒው እንደነበር ያን ጊዜ ታወሰኝ። ከንፈሯ ነበር ፈገግ ያለው።

ሃያ ሦስተኛው ላይ መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣው ጉርር ብሎ ቆመ፤ አክስቴ ሥጋዋን አስባ መሰለኝ፣ ዝም አለች። በመስኮቱ ብርሃን ጫን አደረግሁት። አፍ የተዘጋ፣ ግንባር የተፈታ፣ ምንም የማይነበብበት ፊት።

መብራቱ ሲመለስ ፒያሳ ወርጄ ሁለቱንም አሳተምኩ፤ ይህኛውን በጉርድ፣ አሥራ ስድስተኛውን በትልቁ። ትልቁን ሳሳያት አያቴ አጠገብ የሚሰቀልበትን ምስማር መፈለግ ጀመረች። ጉርዱን ደግሞ ከዐይኗ አርቃ፣ አቅርባ፣ ገልብጣ አየችው።

«ይህቺ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ፤ ለቪዛው።»

«እንዲህ ያለችውንማ እኔም ቤቴ አላስገባት፤ ጂዳ ያስገቧታል ነው የምትለኝ?»