ከአንድ እስከ አስር ስንት ያምሻል?

የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ፕሮሰስ ላይ ነው። ትናንት በቴሌግራም ራሴን አሞኝ ከሥራ ቀረሁ ብለው ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "አሜሪካ ተቀምጠሽ ደግሞ ለራስ ምታት ሥራ ትቀሪያለሽ? አንድ ፓናዶል ዋጥ አታደርጊም!" መልስ ለመስጠት እንኳ የስልኩ ብርሃን ዓይኔን እየወጋኝ ስለነበር ወርውሬው ተኛሁ። ዛሬ ሲሻለኝ ነው የምጽፈው።

እናቴ ደግሞ ምች ነው ብላ ደምድማለች። ቨርጂኒያ ላይ ዳማ ከሴ ከየት ላምጣ? ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አስሬ ነው ሁለት ዓመት የገፋሁት። ጠዋት ኤርፖርት ቡና እሸጣለሁ (የቡና አገር ልጅ ሆኜ ቡና በወረቀት ኩባያ)፣ ማታ አረጋውያን እጠብቃለሁ። እንቅልፍ በመሃል በመሃል ነው። መጀመሪያ ዓይኔ ላይ ዚግዛግ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ከዛ ግማሽ ራሴን ይወቅረኛል፣ ያስታውከኛል። እኔም አድቪሉን (አይቡፕሮፌን የሚባለው ማስታገሻ) በየቀኑ እንደ ቆሎ ነበር የምቅመው።

በመጨረሻ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ "ከአንድ እስከ አስር ስንት ያምሻል?" አለችኝ። ፈረንጅ ሕመምንም እንደ ፈተና ማርክ ይሰጠዋል እኮ! እኔ ደግሞ የኛ ነገር፣ ፓርኪንጉ ላይ አስታውኬ የገባሁት ሴትዮ በይሉኝታ "ሦስት" አልኩ። ሦስት ያለ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ግፊቴን ሲለኩት 158 በ98 ወጣ፣ ያኔ ነው መሯሯጥ የተጀመረው።

ከዛ በስልክ አስተርጓሚ አመጡልኝ። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው፣ ልክ እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ከኋላዬ እንደሚቆሙት አባት። እንደ ሕጉ "እርስዎ" እያሉ ይጠይቁኛል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስታ ማጣት ነበረብዎት? እንቅልፍስ? ራስዎን እንደማይረባ ሰው ቆጥረው ያውቃሉ? እኔ ለራስ ምታት ነው የመጣሁት፣ ይሄ ሁሉ ምን አገባው እያልኩ በልቤ "የለም፣ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ከዛ "ልጄ፣" አሉኝ፣ እርስዎው ጠፋ፣ "ሞቼ በሆነ ብለሽ ወይ ራስሽን ልጉዳ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?"

"ልጄ" ባይሉኝ የለም ብዬ አልፈው ነበር። "አንዳንዴ ባይነጋ እላለሁ" አልኳቸው። እሳቸውም ያንኑ በእንግሊዝኛ ለዶክተሯ አሏት። ለእናቴ ያልነገርኳትን ነገር አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ በስልክ ሲያወሩት መስማት… መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! ያ ቀን ካመመኝ ሁሉ በላይ ያመመኝ እሱ ነው።

ዶክተሯ ግን አልደነገጠችም። ማይግሬን፣ እንደኔ ግማሽ ራስን የሚወቅር ራስ ምታት ማለት ነው፣ ያለበት ሰው ላይ ድብርት፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፣ አንዱ ሌላውን ያባብሳል አለችኝ። አድቪልን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መዋጥ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፣ ግፊትም ይጨምራል። ለማይግሬን ተብሎ የተሠራውን ሱማትሪፕታን ደግሞ የደም ስር ስለሚያጠብ ግፊቴ ሳይስተካከል አልሰጥም አለች። ፕሮፕራኖሎል ጀመረችልኝ፣ ለግፊቱም ማይግሬኑ እንዳይመላለስም። አስም ካለብሽ አይሆንም ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። የሚያናግረኝ ባለሙያም ቀጠሮ ያዙልኝ፣ እሄዳለሁ፣ አላፍርም። እሺ ትንሽ አፍራለሁ።

አሁን ለአክስቴ ልጅና መሰሎቹ። ስትመጡ ሁለት ፓርት ታይም ይዛችሁ በዶላር አትስከሩ። እዚህ አገር ለታመመ ሰው ሥራውን ሳያጣ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ እንዲቀር የሚፈቅድ በፈረንጆች የ1993 ሕግ አለ፣ ለማይግሬን ቀን እየቆራረጡ መውሰድም ይቻላል። ግን አንድ ቀጣሪ ጋ ዓመት ሞልታችሁ፣ ባለፉት 12 ወራት እዛው 1,250 ሰዓት መሥራት አለባችሁ፣ መሥሪያ ቤቱም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያለው መሆን አለበት። እኔ አንዱ ጋ በሳምንት 22፣ ሌላው ጋ 22፣ ድምሩ 44 ሰዓት እንደ አህያ እየሠራሁ አንዳቸውም ጋ አልሞላልኝም! ሱፐርቫይዘሬም "እኔንም እኮ ራሴን ያመኛል" ብሎ ሳቀ። አስተርጓሚ ደግሞ ጠይቁ፣ ሐኪም ቤት በነጻ ያቀርባል፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለባቸው፣ ልጃችሁን እንዳታስተረጉሙ። ቁጥሩንም ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ፣ ስምንት ከሆነ ስምንት።

ባለፈው እሁድ ቅዳሴ አልቆ ስወጣ እኚያ አባት ከኋላዬ "እንዴት ነሽ ልጄ?" አሉኝ። ድምፁ ያ ይሁን አይሁን እስካሁን አልለየሁትም። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ፈጠን ፈጠን እያልኩ ወጣሁ።