የሐበሻ ቀጠሮ የማያውቅ ራስ ምታት

ጥቅምት 9፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬ ሌሊት መጣ። ከ14 ወር በኋላ።

ሰዓት ማየት አላስፈለገኝም፤ ቀኝ ዓይኔ ነግሮኛል። ለማንኛውም ስልኬን አነሳሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ6 ደቂቃ። እዚህ አገር ሰርጉም፣ ስብሰባውም፣ ቧንቧ ሠሪውም ያረፍዳል። በዕድሜዬ ቀጠሮ አክባሪ ሆኖ ያገኘሁት ይሄን በሽታ ብቻ ነው።

አመጣጡን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ አፍንጫዬ ይደፈናል፣ በቀኝ በኩል ብቻ። ቀጥሎ ቀኝ ዓይኔ ያለቅሳል፣ እኔ ሳላለቅስ። ይቀላል፣ ቆቡ ወረድ ይላል። ከዚያ አንድ ሰው ከዓይኔ ጀርባ የጋለ ወስፌ ሰክቶ ማማሰል ይጀምራል። ከመጀመሪያው ምልክት እስከዚህ ድረስ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ሰው ራሱን ሲያመው ጋደም ይላል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ዝም በሉኝ ይላል። እኔ ጋደም ማለት አልችልም። ከመኝታ ቤት እስከ ኩሽና 11 እርምጃ ነው። ሄጄ ግንባሬን ፍሪጁ በር ላይ እለጥፋለሁ፣ እመለሳለሁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እወዛወዛለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። አንድ ጊዜ በዚህ መሀል ራሴን በመስተዋት አየሁት። ግማሽ ፊቴ የሰከረ ሰው፣ ግማሹ የእኔ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር የመጣብኝ በ29 ዓመቴ ነው። ሁለት ወር ያህል በየሌሊቱ ቀሰቀሰኝና ድንገት ጠፋ። ረሳሁት። በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰ። ሕመሙ እስከ ላይኛው መንጋጋዬ ይወርድ ስለነበር ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። አንድ መንጋጋ ጥርሴ ተነቀለ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ድራሹ ጠፋ። ያን ሐኪም ለዘመድ ለወዳጁ ሁሉ አሞገስኩት።

በሦስተኛው ዙር "ሳይነስ ነው" ተባልኩ። አንቲባዮቲክ ዋጥኩ፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ተቀየረልኝ፣ ሕመሙ ጠፋ። ሳይነስ ነበር ማለት ነው! በአራተኛው እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፣ ቀጥላ ጸበል ወሰደችኝ። ጠፋ። በአምስተኛው ደግሞ መነጽር ተሠራልኝ። አሁንም ጠፋ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ይሄ በሽታ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ከርሞ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ ሊሄድ ሲል እጅህ ላይ የተገኘው ነገር ሁሉ ፈዋሽ ይባላል። ጥርሱ፣ ክኒኑ፣ ቅጠሉ፣ መነጽሩ። ጸበሉን አላማም፤ እዚያ ያገኘሁት እንቅልፍ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። መንጋጋዬ ግን ጤነኛ ነበር። አሁንም ሥጋ የማኝከው በግራ ነው።

ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ ትክክለኛው ስም 9 ዓመት ፈጀ። ስሙን የሰጠኝ አንድ የነርቭ ሐኪም ነው። ገና ምርመራ ሳያዝ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛው "ሲነሳብህ ትተኛለህ ወይስ ትንጎራደዳለህ?" የሚል ነበር። እኔ አፌን ሳልከፍት ሚስቴ መለሰችለት።

"ኧረ ዶክተር! ቤቱን ሲያስስ ነው የሚያድረው።"

ሁለተኛው "በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?" የሚል ነበር። ሚስቴ ከቦርሳዋ የታጠፈ የቀን መቁጠሪያ አወጣች። ለካ ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ሰዓቱን ስትጽፍ ነበር። 8፡10፣ 8፡00፣ 8፡15፣ 8፡05። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ፈገግ አለ። መጀመሪያ ተናድጄበት ነበር። ኋላ ሳስበው የዘጠኝ ዓመት እንቆቅልሽ በሁለት ጥያቄ ሲፈታ ማንም ፈገግ ይላል። ሌላ ነገር እንዳይኖር ብሎ ኤምአርአይ አዘዘ፤ ንጹሕ ነበር።

ስሙ ክላስተር ራስ ምታት ነው። በአማርኛ የሚጠራበት ስም አላገኘሁለትም። እኛ አገር ክላስተር ሲባል ሰው የሚያስበው ስንዴ ነው፣ ኩታ ገጠም እርሻ። አንድ ቀን ለጓደኞቼ "ኩታ ገጠም ራስ ምታት ነው ያለብኝ" ብላቸው ሳቁብኝ። ትርጉሙ ግን ብዙም አልተሳሳተም፤ ሕመሙ ማሳ ለማሳ ተያይዞ የሚዘራበት ወቅት አለው። ከዚያ ደግሞ ረጅም ጦም ማደር።

ስሙን ካወቅሁ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከሺህ ሰው አንዱን ያህል ይይዛል፣ ከሴት ይልቅ ወንድ ይበዛበታል። አንዱ ሕመም ካልታከመ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፤ በቀን እስከ 8 ጊዜ የሚነሳባቸው አሉ። እኔ በክፉ ቀን ሁለት ነው፣ አመስጋኝ መሆን አለብኝ መሰለኝ። ቀጠሮ የማክበሩም ነገር ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት የሰዎችን አንጎል በፔት ስካን፣ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ በሚያሳየው ምርመራ፣ አይተው ነበር፤ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል አካባቢ ሥራ ላይ ሆኖ አገኙት። የሰውነታችን ሰዓት ያለው እዚያው ነው። ስለዚህ ደወሉ ውስጤ ነው የሚጮኸው፤ ትራስ ብቀይር፣ ክፍል ብቀይር ዋጋ የለውም። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

ከሕመሙ ቀጥሎ የሚያናድደኝ "ራስ ምታት" የሚለው ቃል ነው። ራስ ምታት የሌለበት ሰው የለማ! ቢሮ ቀርቼ በማግስቱ "ራሴን አሞኝ ነበር" ስል አለቃዬ "እኔንም ትናንት ይዞኝ ነበር፣ ቡና ስጠጣበት ለቀቀኝ" አለኝ። ምን ይመለሳል? ቡናውንማ እኔም ጠጥቼበታለሁ። እግሬ ተሰብሮ ቢሆን በጀሶ እታይ ነበር። ይሄኛው ግን ጠዋት ላይ ምልክት አይተውም። ፊቴን ታጥቤ ስወጣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ብቻ ነው የምመስለው።

የኦክስጅኑን ነገር ልጻፍ። ሐኪሙ "ኦክስጅን" ሲለኝ የቀለደ መስሎኝ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ በደቂቃ 12 ሊትር ኦክስጅን ለ15 ደቂቃ ሲሳብ ከመቶው ሕመም 78ቱ ጠፍቷል ወይም በደንብ ቀሏል። ተራ አየር ሲሰጥ 20 ብቻ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር፣ ከረጢት ባለው ማስክ፣ ገና ሲጀምር።

እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ከኮቪድ የተረፈ አሮጌ የኦክስጅን ማሽን ገዛሁ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን። ማሽኑ ከ5 ሊትር በላይ አያወጣም። በቀጭኗ የአፍንጫ ቱቦ 5 ሊትር ለዚህ ሕመም ምንም ነው። በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ መብራት ጠፋ። ጨለማ ውስጥ ዝም ያለ ማሽን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ሚስቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም በኋላ ሳቅሁ። በጣም በኋላ።

ከዚያ ሲሊንደሩን አመጣን። ባለ 40 ሊትር ብረት ነው፣ ሲሞላ ጋዙ 6 ሺህ ሊትር አካባቢ ይሆናል። በደቂቃ 15 ሊትር ለ15 ደቂቃ ከሳብኩ አንድ ሕመም 225 ሊትር ይበላል፤ እንግዲህ ሃያ ስድስት ሕመም ገዛሁ ማለት ነው። በቀን ሁለቴ ከመጣ ሁለት ሳምንት አይደርስም። ሻጩ "ለማን ነው? ለእናትዎ?" ሲለኝ "ለራሴ" አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

ሁለት ልጆች ተሸክመውት እስከ ኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ያኔ የኮቪዱ ጊዜ ገና ከሰው ልብ አልወጣም፤ ሲሊንደር የገባበት ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ሰፈሩ ያውቃል። በማግስቱ ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዘው መጡ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እንጀራ እያኘክሁ።

"ልጄ፣ ሳትነግሩን! በሽተኛው የታለ?" አሉኝ።

በሽተኛው እኔ እንደሆንኩ ለማሳመን ብርቱካኑ ግማሽ እስኪሆን ፈጀብኝ።

አንድ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ሻጩ ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝ ዘይትና እሳት አጠገቡ እንዳይደርስ ነው። ቅባት የታመቀ ኦክስጅን ካገኘው ሊቀጣጠል ይችላል። ቤታችን ደግሞ የሐበሻ ቤት ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ እንደ ደንቡ አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ አደረገችልኝ። ሌሊት ሕመሙ ሲነሳ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ ተነሳሁና በዚያው እጄ ቫልቩን ልከፍት ስል ሚስቴ እጄን በጥፊ መታችው። በሳሙና እስክታጠብ የፈጀውን ሁለት ደቂቃ መቼም አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ በዙሩ ወቅት ቅቤ የለም። ቡና የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው፤ ዕጣኑም ከሰሉም እዚያው። መብራት ሲጠፋ ሻማ ሳይሆን የስልክ መብራት።

ሲሠራ ምን ይመስላል? ቁጭ ብዬ ወደ ፊት ጎንበስ እላለሁ። ማስኩን አጥብቄ እይዛለሁ፣ ከረጢቱ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። የፕላስቲክ ሽታ አለው። ለአምስት ደቂቃ ምንም የለም፣ እንዲያውም ይብሳል። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ወስፌው ይቆማል፤ አልወጣም፣ ማማሰሉን ነው ያቆመው። ከዚያ ትከሻዬ ይወርዳል። ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ወጥቶ እንደነበር የማውቀው ያኔ ነው።

ሌላውን ባጭሩ። ዙሩ ሲጀምር ፕሬድኒሶሎን ለጥቂት ቀን እወስዳለሁ፤ ሕመሙን ይገታልኛል፣ ግን እንደ ጅብ ያስርበኛል። በዙሩ ወቅት ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሳ የሚከላከለው ዋናው መድኃኒት ቬራፓሚል ነው፣ የደም ግፊት ክኒን። መጠኑ በጨመረ ቁጥር ልቤ በኢሲጂ፣ የልብ ምት በሚመዘግበው ማሽን፣ ይታያል። ሆድ ያደርቃል፤ ተልባ ወዳጄ ሆኗል። ሱማትሪፕታን የሚባል መርፌ አለ፣ 6 ሚሊግራም፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያቆመዋል። ልብ ሕመም ላለበት አይሆንም፣ በቀንም ከሁለት አይበልጥም። እኔ በዞርኩባቸው መድኃኒት ቤቶች መርፌውን አላገኘሁትም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ በሰው ትልክልኛለች። ከእኛ በርበሬና ሽሮ ይሄዳል፣ ከእሷ መርፌ ይመጣል። የጉዞ መርፌዎቼ ናቸው፤ ሲሊንደር ይዤ ክፍለ ሀገር አልሄድ!

መጠጥም አለ። በዙሩ ወቅት አንድ ቢራ ከጠጣሁ ሰዓት ሳይሞላ ይነሳብኛል። ዙሩ ሲያልፍ ግን ጠጅም ብጠጣ ምንም። ይሄን ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ፋሲካ ላይ ብርሌ ጨብጦ ያየኝ ዘመድ ሰርግ ላይ ለስላሳ ይዤ ሲያገኘኝ "ምነው፣ ጴንጤ ሆንክ እንዴ?" ይለኛል።

ይሄን ሕመም ፈረንጆች "ራስን የማጥፋት ራስ ምታት" የሚል ስምም አውጥተውለታል። ስሙን አልወደውም። ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ስሙን ባላወቅሁበት ዘመን፣ በስድስተኛው ዙር፣ አንድ ሌሊት በረንዳው ላይ ቆሜ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ለሚስቴ የነገርኳት ጠዋት ነው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የበረንዳውን ቁልፍ ከበሩ ነቅላ አንገቷ ላይ አሰረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲነሳብኝ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ነርቭ ሐኪሙን ፈልጋ ያገኘችውም እሷ ናት።

ወደ ዛሬ ሌሊት ልመለስ።

በደህናው ጊዜ ሲሊንደሩ ኮት መስቀያ ነው። ጥግ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ይቆማል፤ የሚስቴ ነጠላ፣ የእኔ ጃኬት፣ የልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይሰቀልበታል። ለ14 ወር እንዲያ ነበር። ዛሬ ሌሊት 8፡06 ላይ በጨለማ ዓይኔን ይዤ ስደርስ ግን ምንም አልተሰቀለበትም። ማስኩ ከነቱቦው ተገጥሞ ነበር። ጌጁን በስልክ አበራሁበት፤ ሙሉ ነው። ያኔ ለመገረም ጊዜ አልነበረኝም፣ ከፈትኩት።

ጠዋት ቁርስ ላይ ሚስቴን ጠየቅኋት። በአገጯ ወደ ልጃችን አመለከተች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

"ከእሁድ ጀምሮ በአንድ አፍንጫህ ብቻ ነበር ስትናፈጥ የነበረው እኮ አባዬ" አለችኝ፣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች። "ለእማዬ ነገርኳት፣ አስሞላችው።"

እኔ እሁድ ጉንፋን መስሎኝ ነበር።

"ስንት ደቂቃ ፈጀ?" አለች ቀጥላ።

"14።"

ተነስታ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ሄደች። እስክሪብቶው እዚያው በክር ታስሯል። 8፡06፣ 14 ደቂቃ ብላ ጻፈችና ቦርሳዋን ከበሩ እጀታ ላይ አንስታ ወደ ትምህርት ቤት ወጣች።