ጢስ ዓባይ፦ ወሩን ካልመረጡ መንገዱ ብቻውን አያዋጣም

ጢስ ዓባይ ደርሰው «በቃ ይሄው ነው?» ብለው የሚመለሱ ሰዎች የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ሳይሆን ወሩን ነው። በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለውን ፏፏቴ በልባቸው ይዘው ሚያዝያ ላይ ይሄዳሉ። የሚጠብቃቸው ግን ጥቁር አለትና ከአንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው። በሙላት ጊዜ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር፣ ከፍታው ከ40 ሜትር በላይ የሚባልለት ፏፏቴ እንዲህ የሚሆነው ዝናብ ስለሌለ ብቻ አይደለም።

ዓባይ ከጣና ሲወጣ መጀመሪያ ጨረጨራ ላይ በግድብ ተለክቶ ይለቀቃል፤ ይህ ግድብ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከዚያ ወርዶ ፏፏቴው ጫፍ ሳይደርስ ደግሞ ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛውና ትልቁ በ2001 ሥራ ጀመሩ። የተጠለፈው ውሃ ገደሉን ሳይዘል በጎን አልፎ ከፏፏቴው በታች ወንዙን ይቀላቀላል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሐይቁ በሌላ አቅጣጫ ውሃ ይወስዳል፤ ያ ውሃ ወደ ጢስ ዓባይ ጭራሽ አይመጣም። ስለዚህ በበጋ የምታዩት የተረፈውን ነው።

ክረምቱ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ቢሆንም ጣና ሞልቶ ጫፍ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ መስከረም ገደማ ነው። ሐይቁ ውሃውን አጠራቅሞ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ዝናቡ ካባራ በኋላም ፏፏቴው ብዙ ሳምንት ይቆያል። በነሐሴ የሚወርደው ውሃ እንደ ቡና ያለ ነው፤ አንዳሳን የመሳሰሉ ወንዞች ከእርሻው ያጠቡትን አፈር ከፏፏቴው በላይ ዓባይ ውስጥ ይከታሉ። ግርማው ያስፈራል፣ መንገዱ ግን ከዓመቱ ሁሉ የከፋ ነው። ምርጫው ለእናንተ ከተተወ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሂዱ፦ ውሃው አለ፣ ሰማዩ ተከፍቷል፣ ጭቃውም መድረቅ ጀምሯል። ኅዳርም መጥፎ አይደለም። ከጥር በኋላ ግን ከፏፏቴው በታች ላለው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይና ለሸለቆው ካልሆነ ለውሃው ብላችሁ አትድከሙ።

ከባህር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንገዱን ደኅንነት በዚያው ሳምንት ባህር ዳር ላይ ጠይቁ፤ አምና የሄደ ሰው የሚነግራችሁ ለዛሬ አይሠራም። ትኬት የሚቆረጠው ከተማዋ ውስጥ ነው። ይህን ሳያውቁ ሸለቆው አፍ ድረስ በእግር ሄዶ ለወረቀት መመለስ የተለመደ ነው። አስጎብኚ ከያዛችሁ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የት ድረስ እንደሚሄድና ወንዙን የሚያሻግረው ጀልባ ሒሳብ በውስጡ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ከዚያ ነው።

መግቢያው ሁለት ነው፦ ከፏፏቴው በታች ባለው የድንጋይ ድልድይ ወይም ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በሚሻገረው ጀልባ። ጉልበት ላለው ሰው በድልድዩ ገብቶ በጀልባው መውጣት ይሻላል። ምክንያቱ ፀሐይዋ ነች። በድልድዩ ተሻግራችሁ ፏፏቴውን ከማዶ ፊት ለፊት ስታዩት ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች፤ ቀስተ ደመና ደግሞ የሚታየው ፀሐይ ከኋላ፣ ጢሱ ከፊት ሲሆን ብቻ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ማዶ ብትገኙ ጥሩ ነው። ሽማግሌ ወይም ትንሽ ልጅ ከያዛችሁ ግን ቁልቁለቱን ተዉትና በጀልባው ሂዱ፣ በጀልባው ተመለሱ፤ ሜዳማ ነው።

በድልድዩ በኩል መንገዱ ወደ ሸለቆው ቁልቁል ይወርዳል። በክረምት ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ድጥ አለ። አንዱ ጭቃው ነው፦ የጫማውን ጥርስ ሞልቶ ሶሉን ልሙጥ ያደርገዋል። ስለዚህ በየጥቂት እርምጃው በዱላ ወይም በድንጋይ ጠርዝ ፋቁት፤ ካልተፋቀ ውድ ጫማም ከሸበጥ አይሻልም። ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። በሰው እግርና በከብት ሰኮና ለዘመናት የተፈተገ ጥቁር ድንጋይ ሲረጥብ መስታወት ነው። የሚያብረቀርቀውን አትርገጡ፤ ሻካራውን ወይም በዳር ያለውን ሣር ምረጡ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ቁልቁለቱ ሲበረታ በጎን ውረዱ። መንደር ላይ የሚሸጥ ወይም የሚከራይ ዱላ ካገኛችሁ አትለፉት።

ድልድዩ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይባላል፣ አላታ ድልድይም ይሉታል። ወንዙ እዚያ ላይ በጠባብ ገደል ተጨምቆ ያልፋል፤ ከላይ ያን ያህል የተዘረጋ ውሃ እዚህ በአንድ ቅስት ሥር መግባቱ ከፏፏቴው ባላነሰ ያስደንቃል። አህያና ከብት ከመጣ ዳር ያዙና አሳልፉ፤ ድልድዩ የጎብኚ ሳይሆን የገበሬው መንገድ ነው። ለፎቶ ብሎ ግንቡ ላይ መቀመጥም ይቅር።

ከድልድዩ ማዶ ዳገት አለ፣ ከዚያ መንደርና እርሻ፣ ከዚያ ድምፁ። ከፊት ለፊቱ ማያ ቦታ ወርዳችሁ በተንጠልጣዩ ድልድይ የአላታን ወንዝ ትሻገራላችሁ። ድልድዩ ይወዛወዛል፣ ተራ በተራ እለፉ።

ከዚህ በኋላ ወደ ፏፏቴው ሥር መጠጋት የውሃው ጉዳይ ነው። በሙላት ጊዜ ነፋሱ ሲዞር ካፊያው ከመቅጽበት ዝናብ ይሆናል፤ ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉ፣ ደረቅ ጨርቅ ያዙ፣ ከሣሩ አልፋችሁ ድንጋዩ ላይ አትውጡ። በበጋ ደግሞ ወጣቶች ከሥሩ ሲዋኙ ታያላችሁ፤ እናንተ ባትከተሏቸው ጥሩ ነው። ማመንጫው ሲቆም ወደ ቦዩ ይገባ የነበረው ውሃ በገደሉ ስለሚመጣ ያለ ዝናብም ሊጨምር ይችላል። በዚህ አካባቢ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ባለ ጥገኛ ትል የሚመጣ በሽታ፣ መኖሩም የታወቀ ነው፤ በተለይ የቆመና ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ውስጥ አትግቡ።

መመለሻው ጀልባ ወንዙን የሚሻገረው ከፏፏቴው በላይ፣ ውሃው ረጋ ባለበት ነው። ረጋ ያለ ይመስላል እንጂ ሞተሩ ቢጠፋ የሚወስዳችሁ ወደ ገደሉ ነው። ስለዚህ ወንዙ በሞላ ቀን ጀልባው ከቆመ ባለ ጀልባውን በገንዘብ ለማግባባት አትሞክሩ፤ የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ከከተማዋ ሳትወጡ «ዛሬ ጀልባ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለ ዙሩ ሁሉ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ከሌለ ዳገቱንና ድጡን በመጣችሁበት ትመለሳላችሁና ቢያንስ አንድ ሰዓት ጨምሩበት፣ የሚጠጣ ውሃም ለአንድ ሰው ከ2 ሊትር አታሳንሱ። በሕዝብ መኪና ከመጣችሁ ደግሞ ስትወርዱ ሾፌሩን የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጠይቁት። ከሰዓት በኋላ መኪናው እየሳሳ ይሄዳል፤ ከተናገረው ሰዓትም ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ከሞላ አይጠብቅም።